ፍቅር በፊርማ ሲጠበቅ

በዋሽንግተን ዙሪያ የመኖሪያ ቤታቸውን ሳሎን ለሌሎች ሰዎች ልጆች የከፈቱ ሴቶች ሥራ በምን ይመራል? ከሕፃኑ አልጋ እስከ ወተቱ፣ ከኮንትራቱ እስከ ታክሱ

በቨርጂኒያ ሕግ እያንዳንዱ ልጅ ነጥብ አለው። ከተወለደበት ቀን እስከ 15 ወሩ 4 ነጥብ፤ ከ16 እስከ 23 ወር 3 ነጥብ፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት 2 ነጥብ፤ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ዓመት 1 ነጥብ። አሥር የሞላው አይቆጠርም። አንዲት ሴት ብቻዋን ሆና በአንድ ጊዜ ልትይዝ የምትችለው 16 ነጥብ ነው። አራት ጨቅላ ከተቀበለች ቤቱ ሞላ። ሁለት ጨቅላ ከያዘች ደግሞ የሦስት ዓመት ልጆች አራት መጨመር ትችላለች፤ 8 እና 8፣ 16። ከሰዓት በኋላ ግን የራሷ የስድስት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ይመለሳል። ከስምንት ዓመት በታች የሆነ የቤት ልጅም ስለሚቆጠር ሂሳቡ 17 ገባ። ያን ጊዜ ወይ ረዳት መጥታ መቆም አለባት፣ ወይ አንድ ልጅ ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት።

ይህን ሂሳብ በአሌክሳንድሪያ፣ በፌርፋክስና በአርሊንግተን ማታ ማታ ከሚያሰሉት መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን እናቶች አሉ። ሜሪላንድ ውስጥ በሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት እህቶቻቸውም በሌላ ቀመር ያንኑ ያሰላሉ፤ እዚያ በመደበኛ ፈቃድ ከስምንት ልጅ አይታለፍም፣ ብቻዋን ለምትሠራ ሴት ከሁለት ዓመት በታች የሚሆኑት ደግሞ ከሁለት መብለጥ የለባቸውም። በሰፈሩ ሰው አፍ «ልጅ ትይዛለች» ተብላ የምትጠራው ሴት፣ በመንግሥት መዝገብ ፈቃድ ያላት የንግድ ሥራ ባለቤት ናት።

ከሥራው ሁሉ የሚከብዳት ልጁ አይደለም፤ ይሉኝታው ነው። የልጁ እናት አብራት ቤተ ክርስቲያን የምትስም፣ እድር የምትጋራ፣ በአንድ ወዳጅ አማካይነት የመጣች ሰው ናት። «አንድ ሳምንት ብቻ ደርቢልኝ»፣ «ዛሬ አንድ ሰዓት ብቻ እዘገያለሁ»፣ «ክፍያውን ለወር መጨረሻ አድርጊልኝ» ስትባል እምቢ ማለት በእኛ ባህል ነውር ነው። የጽሑፍ ደንብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ እሷ በይሉኝታ አፏን የያዘችበትን ነገር ወረቀቱ ይናገርላታል። ጥሩ የቤት ዴይኬርን፣ ማለትም በመኖሪያ ቤት የሚከፈት የሕፃናት ማቆያን፣ ከመጥፎው የሚለየውም ይኸው ነው፦ ፍቅሩ ከሰው፣ እምቢታው ከወረቀት።

ለምን ቤት?

አሜሪካ ለወለደች እናት በፌዴራል ሕግ የምትሰጠው ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ1993 የተደነገገው 12 ሳምንት ነው። እሱም ያለ ደመወዝ ነው፤ ከ50 ሠራተኛ በታች ያለውን የግል ቀጣሪም አያስገድድም። ስለዚህ አንገቱን ገና በቅጡ ያላጸና ሕፃን የሰው እጅ ያስፈልገዋል። አያቱ አዲስ አበባ ቪዛ ትጠብቃለች። ትልልቆቹ የሕፃናት ማቆያዎች በቢሮ ሰዓት ይከፍታሉ፣ በቢሮ ሰዓት ይዘጋሉ፤ የነርሷ ፈረቃ፣ የሆቴል ሠራተኛው ሌሊት፣ የታክሲ ነጂው ጎህ ሲቀድ መውጣት ግን የቢሮ ሰዓት አያውቅም። የቤት ዴይኬር እዚህ ክፍተት ውስጥ ይቆማል፦ በሩ ማልዶ ይከፈታል፣ ወንድምና እህት በአንድ ጣሪያ ሥር ይውላሉ፣ ልጁ የሚሰማው ቋንቋ የእናቱ ነው።

ሆኖም ሥራው እየሳሳ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2017 ባለው ጊዜ ፈቃድ ያላቸው ትንንሽ የአሜሪካ የቤት ዴይኬሮች ቁጥር በግማሽ ገደማ ወርዷል። ነባሮቹ ጡረታ ይወጣሉ፤ ገቢው ከልፋቱ ጋር አይመጣጠንም፤ ወረቀቱም ከዓመት ዓመት ይወፍራል። የቀሩት ወረቀቱን እንደ ጠላት ከማየት ይልቅ መሣሪያ ማድረግ የተማሩ ናቸው።

ሳሎኑ ሁለት ኑሮ አለው

በቨርጂኒያ የራስን ልጅ ሳይጨምር ከአምስት እስከ 12 ልጅ ለመያዝ የስቴቱ ፈቃድ ግድ ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ይህን የሚመራው የትምህርት መሥሪያ ቤቱ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በማኅበራዊ አገልግሎት ሥር ነበር። ከአምስት በታች ብይዝስ ለሚል ደግሞ የፌርፋክስ ካውንቲ የራሱ ፈቃድ አለው።

ፈቃዱ ሴቲቱን ብቻ አይመረምርም፤ ቤተሰቡን ሁሉ ይመረምራል። በቤቱ የሚኖር 18 ዓመት የሞላው ሰው አሻራ ይሰጣል፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያደርጋል። 14 ዓመት የሞላው ታዳጊ እንኳ ስሙ በሕፃናት ጥቃት መዝገብ ይፈተሻል። «ለሦስት ወር» ብሎ ከአገር ቤት መጥቶ ዓመት የከረመው የባል ወንድም ከዚህ አያመልጥም። ዘመድን አሻራ ስጥ ማለት ያሳፍራል፤ ደንቡ ሲጠይቅ ግን የማንም ፊት አይጠቁርም።

ከዚያ ቤቱ ይታያል። የጽዳት ኬሚካልና መድኃኒት የተቆለፈበት ቁም ሣጥን፣ የደረጃ መዝጊያ፣ የኤሌክትሪክ ሶኬት መሸፈኛ፣ የጭስ ማስጠንቀቂያ፣ በየወሩ የሚደረግ የእሳት አደጋ ልምምድና የተመዘገበበት ደብተር። ኢንስፔክተሯ ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ ትመጣለች፤ ቢያንስ አንዱ ሳይነገር ነው። ያገኘችው ጉድለት በኢንተርኔት ይለጠፋል፤ የትኛዋም እናት አልጋዋ ላይ ሆና በስልኳ ታነበዋለች። የማሳደግ መብት ያለው ወላጅ ደግሞ ልጁ ባለበት ሰዓት ሁሉ ሳይደውል መግባት መብቱ ነው። «ከመምጣትሽ በፊት ደውዪ» የምትል ካለች፣ ገና እዚያው በሩ ላይ ጥያቄ አለ።

የኢትዮጵያዊ ቤት በዚህ ፍተሻ የሚያጣው ነገር ቡና ነው። ረከቦቱ፣ ፍሙ፣ የሚጨሰው ዕጣን ለሚድህ ልጅ እሳትም ጭስም ናቸው፤ አስም ያለበት ሕፃን ሲጨመር ነገሩ ይከብዳል። ስለዚህ ጀበናው ከሰኞ እስከ ዓርብ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ይውላል። ቡናው ወደ ቅዳሜ ይሸጋገራል። ሶፋው ላይ የተነጠፈው ጥልፍ ይነሳል፤ የመስታወቱ ጠረጴዛ ይወጣል፤ በምትኩ የአረፋ ምንጣፍ፣ ዝቅ ያሉ የመጻሕፍት መደርደሪያዎች፣ በልጅ ቁመት የተሰቀሉ ስም የተጻፈባቸው መስቀያዎች ይገባሉ። ዓርብ ማታ ሁሉም ይገለበጣል፣ እሑድ ማታ መልሶ ይዘረጋል። ይህን የቤት ዕቃ ሽግሽግ የሚችል ባልና ልጅ የሌላት ሴት ሥራውን ብዙ አትዘልቅበትም።

በጀርባው፣ ባዶ አልጋ ላይ

በኢትዮጵያዊ እናትና በደንቡ መካከል ትልቁ ግጭት የእንቅልፍ ነው። እኛ ሕፃን እንዳይበርደው እንሸፋፍናለን፣ ትራስ እናደላድላለን፣ አንዳንዴም በሆዱ እናስተኛለን። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ሕፃናት በሆዳቸው እንዳይተኙ መከረ፤ በ1994 ሕፃን በጀርባው ይተኛ የሚል አገር አቀፍ ዘመቻ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ሳይታሰብ በእንቅልፍ ላይ የሚደርሰው የሕፃናት ሞት በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ደንቡ የተጻፈው በእነዚያ ልጆች ነው።

ፈቃድ ባለው ቤት ውስጥ ዓመት ያልሞላው ሕፃን የሚተኛው በጀርባው፣ ልክክ ያለ አንሶላ በለበሰ ጠንካራ ፍራሽ ላይ፣ በራሱ አልጋ ነው። ትራስ የለም፣ አሻንጉሊት የለም፣ ብርድ ልብስ የለም። አያት ከጎንደር የላከችው ጋቢ፣ ሕፃኑ ነቅቶ ምንጣፍ ላይ ሲጫወት ይነጠፍለታል እንጂ አልጋው ውስጥ አይገባም። አልጋውም ዝም ብሎ አልጋ አይደለም፤ ጎኑ ወርዶ የሚከፈተው ዓይነት እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2011 ጀምሮ እንዳይሸጥ ታግዷል፣ ዴይኬሮችም እስከ 2012 መጨረሻ እንዲያስወግዱት ተገደዋል። «የትልቁ ልጄ ነበር፣ ገና አዲስ ነው» ብሎ የሚለግስ ዘመድ አይጠፋም። ምርቃቱ ይወሰዳል፣ አልጋው ይመለሳል።

በእናቶችና በአያቶች ዘንድ ይህ ጭካኔ መስሎ ይታያል። ልምድ ያላት ባለቤት ክርክር ውስጥ አትገባም። እናት ልጁን ልታስመዘግብ በመጣችበት ቀን የእንቅልፍ ደንቡን ለብቻው በአንድ ገጽ ሰጥታ ታስፈርማታለች፤ ልብሱ ሞቅ ያለ እንዲሆን ትመክራለች፣ አልጋውንም ታሳያለች። ከሦስት ወር በኋላ «ለምን አልሸፈንሽውም?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ መልሱ ቀድሞ ተሰጥቷል።

ምስር፣ ጤፍና ወተት

ወጥ ቤቱም ሕግ አለው፤ ያውም ገንዘብ የሚከፍል ሕግ። የፌዴራሉ የግብርና መሥሪያ ቤት በሚደጉመው የሕፃናት ምግብ ፕሮግራም የተመዘገበ ቤት፣ ለአንድ ልጅ በቀን ሁለት ዋና ምግብና አንድ መክሰስ፣ ወይም አንድ ዋና ምግብና ሁለት መክሰስ ይከፈልበታል። ፕሮግራሙን የሚያስተባብረው ድርጅት በዓመት ሦስት ጊዜ ይጎበኛል፤ ሁለቱ ድንገት ናቸው። የዕለቱ ምግብና የተመገቡት ልጆች ስም በዕለቱ ካልተጻፈ ገንዘቡ ቀረ።

እዚህ ላይ የእኛ ማዕድ አያፍርም። ምስርና ክክ በሥጋ ምትክ ይቆጠራሉ። ጤፍ ሙሉ እህል ነው፤ የጤፍ ዱቄቱ ሳይቀላቀል የተጋገረ እንጀራ በቀን አንድ ጊዜ የሚጠየቀውን የሙሉ እህል ድርሻ ይዞ ይገባል። ቀይ ሥርና ጎመን አትክልት ናቸው። የሚያስቸግረው ወተቱ ነው። ለአንድ ዓመት ልጅ ቅባቱ ያልወጣ ወተት፤ ሁለት ዓመት ሲሞላው ግን ቅባቱ አንድ በመቶ የሆነ ወይም የሌለው። ልጅን በቅቤ ያሳደገች እናት ይህን ስትሰማ ፊቷ ይጨማደዳል። ቅቤ ደግሞ ለአራስ ልጅ በጣት ማቅመስ እዚህ ቤት የተዘጋ ጉዳይ ነው፤ እስከ ስድስት ወር ገደማ የእናት ጡት ወተት ወይም ፎርሙላ ብቻ። ማርም ዓመት ሳይሞላ ክልክል ነው፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ መመረዝ ሊያመጣ ይችላልና።

በጾም ወቅት ይህች ሴት ለራሷ ሽሮ ለልጆቹ እንቁላል ትሠራለች፤ ወተት ትቀዳለች፣ እሷ አትቀምስም። የጨው መጠኑን ለማወቅ የሚቀምስላት የማይጾም ሰው ከሌለ በልምድ ትገምታለች። ልጄ ወተት አይጠጣ የሚል ወላጅ ካለ በቃል አይበቃም፤ ተመጣጣኝ የአኩሪ አተር ወተት እንዲሰጠው በጽሑፍ ይጠይቃል። በማቀዝቀዣው ውስጥ በእያንዳንዱ ጡጦ ላይ የተለጠፈ ነጭ ፕላስተር አለ፦ ስምና ቀን። ሁለት ልጆች አንድ ስም ካላቸው፣ በእኛ ቤት ብዙ ጊዜ አሉ፣ የአባት ስም ይጨመራል።

«ሞቅ ብሎታል እንጂ አላመመውም»

ጠዋት በር ላይ የሚደረገው ንግግር ይህን ይመስላል።

«እትዬ፣ ትንሽ ሞቅ ብሎታል እንጂ አላመመውም። ሌሊት መድኃኒት ሰጥቼዋለሁ።»

«የኔ ልጅ፣ ልየው እስቲ።» ቴርሞሜትሩ 38.4 ይላል። «ይኸው። አንቺም ፈርመሻል፣ እኔም ፈርሜያለሁ። ውስጥ የሁለት ወር ሕፃን አለችኝ።»

ብዙ ኮንትራቶች ወሰኑን 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ያደርጉታል፤ ልጁ የሚመለሰው ማብረጃ ሳይወስድ 24 ሰዓት ትኩሳት የሌለው ሲሆን ነው። እናቲቱ ያን ቀን ሥራ ትቀራለች፤ ደመወዟ ይቆረጣል። ይህን የዴይኬሩ ባለቤት ታውቃለች፣ ያማታልም። ግን አንዱን በይሉኝታ ብታስገባ ሐሙስ ላይ ስድስቱም ያተኩሳሉ፣ ቤቱም ይዘጋል፣ ስድስት ቤተሰብ ከሥራ ይቀራል።

መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ፣ ከራሱ ዕቃ ውጭ፣ ስምና መጠን ሳይጻፍበት ጠብታ አይሰጥም፤ በሐኪም የታዘዘውን ለመስጠት በቨርጂኒያ የተለየ ሥልጠና መውሰድ ያስፈልጋል። በፌስታል ተጠቅልሎ የመጣ ዳማከሴ ወይም ጤና አዳም፣ ቤት ውስጥ የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን፣ ማታ ከልጁ ጋር ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ቅጣትን በተመለከተ ደንቡ ድርድር አያውቅም። መምታት፣ መቆንጠጥ፣ መነቅነቅ፣ ማስፈራራት፣ ማዋረድ፣ ምግብ መከልከል ወይም በግድ ማጉረስ ክልክል ነው። «እንደ ልጅሽ ቅጪው፣ ፈቅጄልሻለሁ» የሚል አባት ይኖራል፤ የእሱ ፈቃድ ከሕጉ በላይ አይደለም። ቀሪው ትዕግሥት ነው፦ የተናከሰውን ልጅ ማራቅ፣ የተነከሰውን ማባበል፣ ሁለቱንም ወላጆች ያው ቀን በጽሑፍ መንገር፣ የነከሰውን ልጅ ስም ግን ለሌላኛዋ እናት አለመናገር። ይህ የመጨረሻው ሁሉም በሚተዋወቅበት ማኅበረሰብ ውስጥ ከሁሉ ይከብዳል።

ስቴቱ ጥራትንም መለካት ጀምሯል። እ.ኤ.አ. ከ2023 መከር ወዲህ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የቨርጂኒያ ዴይኬር ሁሉ ታዛቢ ይገባበታል። ታዛቢው በዋናነት የሚያየው አዋቂው ከልጁ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር ነው፦ ይጠይቀዋል? መልሱን ይጠብቃል? ሲያለቅስ ጎንበስ ይልለታል? ድንች እየላጡ ከልጅ ጋር ሲያወሩ ላደጉ ሴቶች ይህ አዲስ አይደለም። ሙያውን በምስክር ወረቀት ማጽናት ለምትፈልግ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የሚሰጥ፣ 120 ሰዓት ሥልጠና የሚጠይቅ የሕፃናት እንክብካቤ ብቃት ማረጋገጫ አለ፤ ለቤት ዴይኬር የተለየ ዘርፍም አለው።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲያልፍ

ጥሩ ኮንትራት አጭር ነው፤ ግን አምስት ነገር አይረሳም። ክፍያው መቼ ነው? ብዙ ቤቶች ሳምንቱ ሳይጀመር፣ ዓርብ ወይም ሰኞ ጠዋት ይቀበላሉ። ልጁ ሲቀርስ? ቦታው ስለተያዘ ይከፈላል። መውጣት ሲፈልጉ? የሁለት ሳምንት ማስታወቂያ፤ አለበለዚያ ዲፖዚቱ ይቀራል። ልጁን ማን ይወስዳል? ስሙ ያልተጻፈ ሰው፣ አጎት ነኝ ቢልም፣ መታወቂያ ቢያሳይም አይወስድም። ሲዘገዩስ? በደቂቃ አንድ ዶላር የተለመደ ነው።

ስለ ዶላሩ ብዙ ሐሜት አለ። «ለአሥር ደቂቃ አሥር ብር ጠየቀችኝ» ይባላል፤ ዶላሩን ብር እያልን። ነገር ግን ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ የራሷ ልጅ የቤት ሥራ የሚሠራበት፣ ባሏ ራት የሚጠብቅበት ነው። ቅጣቱን የምታስከፍለው ገንዘቡን ፈልጋ አይደለም፤ ሰዓቷ እንዲከበር ነው።

የበዓል ዝርዝርም በመጀመሪያው ቀን ይሰጣል። ገና ታኅሣሥ 29 ስለሆነ በአሜሪካ አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 ላይ ይውላል፤ ስቅለትና ፋሲካም ብዙ ጊዜ ከአሜሪካውያኑ አይገጥሙም። ሙስሊም ባለቤት ዒድን ትዘጋለች። የኤል ሳልቫዶር ወይም የጋና ተወላጅ የሆኑ ወላጆች ልጃቸውን እዚህ ቤት ሲያስገቡ ቀኑን ቀድመው ካወቁት አያማርሩም፤ ዋዜማው ላይ የሰሙት እንደሆነ ግን ልጃቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

የቤቱ ሂሳብ

ጥሬ ገንዘብ ተቀብሎ ዝም ማለት ብልህነት የሚመስላቸው አሉ፤ ኪሳራ ነው። ወላጅ የታክስ ቅናሽ ለማግኘት የዴይኬሩን ባለቤት የታክስ ቁጥር መስጠት አለበት፤ ስለዚህ ገቢው መታወቁ አይቀርም። ገቢዋን በአግባቡ የምታስመዘግብ ሴት ደግሞ የምትቀንሰው ብዙ ነው። ቤታቸውን ለንግድ የሚጠቀሙ ሌሎች ሰዎች ለሥራ ብቻ የተለየ ክፍል ሲጠየቁ፣ ፈቃድ ያለው ዴይኬር ግን ቀን ለልጆች ማታ ለቤተሰብ የሚያገለግለውንም ሳሎን እንዲያስቆጥር ተፈቅዶለታል።

ስሌቱ ቦታንና ሰዓትን ያባዛል። ዓመቱ 8,760 ሰዓት አለው። በቀን 11 ሰዓት፣ በዓመት 250 ቀን ከሠራች 2,750 ሰዓት ሆነ፤ 31 በመቶ ገደማ። ከቤቱ ስፋት 70 በመቶው ለልጆቹ በመደበኛነት የሚያገለግል ከሆነ፣ ሁለቱ ሲባዙ 22 በመቶ ገደማ ይመጣል። ያን ያህሉ የኪራይ ወይም የሞርጌጅ ወለድ፣ የመብራት፣ የውኃና የጥገና ወጪ የሥራ ወጪ ነው። ሌሊት ምንጣፍ ስታጥብ፣ ሜኑ ስታዘጋጅ የምታጠፋው ሰዓትም ከተመዘገበ ይጨመራል። ኢንሹራንሱን ግን ለብቻ ማየት ያስፈልጋል፤ የመኖሪያ ቤት ዋስትና የንግድ ሥራን ብዙውን ጊዜ አይሸፍንም፣ ቨርጂኒያም የኃላፊነት ዋስትና የሌላት ባለቤት ይህንኑ ለወላጆች እንድታስታውቅ ታዝዛለች።

ከመፈረምዎ በፊት

ቤት ለሚፈልጉ ወላጆች የሚረዱ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

• ፈቃዷ የት ተሰቅሏል? ያለፉትን የፍተሻ ውጤቶች በኢንተርኔት አንብበዋል?

• ዛሬ ስንት ልጆች አሉ፣ ዕድሜያቸውስ? ነጥቡን እዚያው በጣትዎ ይቁጠሩ።

• ሕፃናት የሚተኙበትን አልጋ ያሳዩኝ ይበሉ። ውስጡ ባዶ መሆን አለበት።

• እሷ ብትታመም ማን ይተካል? ተተኪዋ አሻራ ሰጥታለች?

• በሥራ ሰዓት፣ ሳይደውሉ አንድ ቀን ይሂዱ። ቴሌቪዥኑን ሳይሆን ድምፆቹን ያዳምጡ፤ አዋቂው እያወራ ነው ወይስ እየጮኸ?

• በዓመት ስንት ቀን ታርፋለች?

የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ወላጅ የሚጠይቀው እሱ ሥራ እንዳይቀር ፈርቶ ነው። ገልብጠው ይጠይቁት። በቀን 11 ሰዓት የምትሠራ፣ ዕረፍት የሌላት፣ ስትታመም እንኳ በር የምትከፍት ሴት በይሉኝታ የምትኖር ናት፤ ጥቂት ዓመት ሠርታ ትዘጋለች፣ ያኔ ልጅዎ እንደ እናት የለመዳትን ሰው ያጣል። የዕረፍት ቀኗን ከነክፍያው በኮንትራቷ ላይ ጽፋ የምታስከብር ሴት ግን ለሚቀጥለው ዓመትም፣ ለሚቀጥለው ልጅዎም ትኖራለች። እሷ ጋ ይፈርሙ።